በዓሣው አፍ የተገኘው እስታቴር

(ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተሰብሳቢዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል)

ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ለዛሬ የያዝነው ክፍል አጭር ነው፤ ማቴዎስ 17፣ ከቁጥር 24 እስከ 27፣ አራት ቁጥር ብቻ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅፍርናሆም ላይ ግብር የሚቀበሉ ሰዎች ጴጥሮስን አግኝተው «መምህራችሁ አይገብርም ወይ?» ይሉታል። እሱም ሳያመነታ «ይገብራል» ይላል። ቤት ሲገባ ገና አፉን ሳይከፍት ጌታ ይቀድመውና ስለ ነገሥታትና ስለ ልጆቻቸው ይጠይቀዋል። በመጨረሻም ወደ ባሕር ሂድ፣ መንጠቆ ጣል፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ዓሣ አፉን ስትከፍት እስታቴር ታገኛለህ፣ ያን ወስደህ ስለ እኔና ስለ አንተ ስጣቸው ይለዋል።

ይህ ክፍል ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ዓሣው ነው። ዓሣው ማስደነቁን አልክድም። እኔ ግን ዛሬ ላቆያችሁ የምፈልገው ሳንቲሙ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ማቴዎስ ነገሩን የቋጠረው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ዓሣው ሳንቲሙን አመጣው እንጂ የንግግሩ ጉዳይ ዓሣ አልነበረም፤ ጉዳዩ «ማን ይከፍላል? ለማን? ስለ ማን?» የሚል ነበር።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን፣ የ1954ቱን ትርጉም ማለቴ ነው፣ ለገንዘብ ስም አይቸገርም። ዲናር አለ፣ ድሪም አለ፣ ምናን አለ፣ መክሊት አለ። ድንቢጦች የሚሸጡበትን ዋጋ ሲናገር እኛው በኪሳችን የምናውቀውን ሳንቲም ይጠቀማል። እስታቴር ግን በአዲስ ኪዳን እዚህ ቦታ ብቻ ብቅ ይላል። ተርጓሚዎቹ የግሪኩን ስም እንዳለ አኑረውት አልፈዋል። ጥሩ አድርገዋል እላለሁ፤ «ገንዘብ» ብለው ቢያልፉት ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር አይኖረንም ነበር። ችግሩ፣ ዋጋውን የማያውቅ አንባቢ «አንድ ዓይነት የድሮ ገንዘብ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሲያልፈውም «ስለ እኔና ስለ አንተ» የሚለው ሐረግ አብሮት ያልፋል።

ስሙ የሚነሣው «አቆመ፣ በሚዛን አኖረ» ከሚል የግሪክ ግሥ ነው። ሳንቲም ከመፈልሰፉ በፊት ብርና ወርቅ የሚሰጠው በሚዛን ነበርና፣ እስታቴር ማለት መጀመሪያ የሚዛን ድንጋዩ ነው። ዕብራይስጡም ያው ነው፤ እኛ ሰቅል የምንለው የዕብራውያን ገንዘብ «መዘነ» ከሚል ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የግእዙ «ሰቀለ» የዚያ ዘመድ ነው፤ ሚዛን የሚሰቀል ነገር ነውና። ሁለት ሕዝቦች፣ ሁለት ቋንቋዎች፣ ገንዘባቸውን የጠሩት በአንድ ሐሳብ ነው።

ከዚህ የተነሣ እስታቴር የአንድ የተወሰነ ሳንቲም ስም ሆኖ አያውቅም። እያንዳንዱ ከተማ ዋና መመዘኛ ያደረገውን ሳንቲም እስታቴር ይል ነበር። የአይጊና ደሴት የብር እስታቴር ሁለት ድራክማ ነበር፣ 12 ግራም ገደማ። የቆሮንቶሱ ሦስት ድራክማ። ታላቁ እስክንድር ያሠራው የወርቅ እስታቴር 8 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝን ነበር፤ በብር ሲመነዘር 20 ድራክማ ያወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው «እስታቴር አገኘሁ» ቢላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የት አገር? በየትኛው ዘመን?» ብላችሁ ነው።

ለማቴዎስ ግን እንዲህ መንከራተት አያስፈልገንም፤ ሒሳቡን ራሱ ሰጥቶናል። የአማርኛው «ሁለቱን ዲናር አይገብርምን?» ያለው በግሪኩ ዲድራክማ ነው፤ ሁለት ድራክማ ማለት። ድራክማ ደግሞ ሉቃስ 15 ላይ ሴቲቱ ቤቷን ጠርጋ የፈለገችው ያ ድሪም ነው። ዱባይና አቡዳቢ ያሉ ልጆቻችን ደመወዝ የሚቀበሉበት ድርሃም የዚሁ የልጅ ልጅ ነው፤ ስሙ በዐረቡ ዓለም በኩል ተሻግሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። በወንጌሉ ዘመን የግሪኩ ድራክማና የሮማው ዲናር በገበያ እኩል ይቆጠሩ ነበርና «ሁለቱን ዲናር» ያሉት ተርጓሚዎቻችን አልተሳሳቱም። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ድራክማ ይከፍላል። ሁለት ሰው አራት። አንድ እስታቴር ለሁለት ሰው ከበቃ እስታቴሩ የአራት ድራክማ ብር ነው። ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ የቀን ዋጋ መሆኑን ማቴዎስ 20 ላይ በወይኑ ቦታ ምሳሌ አንብበናል፤ ስለዚህ ዓሣው በአፉ የያዘው የአራት ቀን የጉልበት ዋጋ ነው። ድኻን ሀብታም የሚያደርግ ገንዘብ አይደለም። የሁለት ሰው ዕዳ ልክ ነው፣ ሳይጎድል፣ ሳይተርፍ።

አሁን ግብሩ የምን ግብር ነበር? ከጥንት የትርጓሜ መምህራን መካከል የቄሣር ግብር ነው ያሉ አሉ። ይህ አያስኬድም። ቅፍርናሆም ያለችው ገሊላ ውስጥ ነው፣ ገሊላን ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚገዛው ሄሮድስ አንቲጳስ እንጂ የሮማ ገዥ በቀጥታ አልነበረም። ከዚያም በላይ ጥያቄው ራሱ ይናገራል። የቄሣር ቀራጭ «መምህራችሁ ይከፍላል ወይ?» ብሎ በትሕትና አይጠይቅም፤ ያስከፍላል። እነዚህ ሰዎች የሚሰበስቡት የቤተ መቅደሱን ግማሽ ሰቅል፣ ማለትም ሁለቱን ድራክማ ነው።

መነሻው ዘፀአት 30 ነው። ሕዝቡ በሚቆጠርበት ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ወንድ ሁሉ ስለ ነፍሱ ቤዛ ግማሽ ሰቅል ይስጥ ይላል። ባለጠጋው አይጨምርም፣ ድኻው አያጎድልም። እዚያ ላይ በየዓመቱ አይልም። በነህምያ ዘመን ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች በየዓመቱ የሰቅል ሢሶ ለእግዚአብሔር ቤት አገልግሎት ሊሰጡ በራሳቸው ላይ ሥርዓት አደረጉ፤ ነህምያ 10ን ተመልከቱ። በኋላ ግማሽ ሰቅል፣ በየዓመቱ ሆነ። ይህን ሁሉም አልተቀበለውም ነበር። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ከተገኙት ብራናዎች አንዱ፣ ሰው ይህን ቤዛ የሚከፍለው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ «መምህራችሁ አይገብርም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ዝም ብሎ የተወረወረ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን በዚህ ግብር ላይ የተለየ አቋም ያለው መምህር ሊኖር ይችል ነበር፤ ሰዎቹ የጌታን አቋም ሊያውቁ ፈልገዋል። ጴጥሮስ ደግሞ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳይጠይቅ መለሰላቸው።

አሰባሰቡን በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና፣ የአይሁድ መምህራን የሕግ ትምህርት ስብስብ፣ በዝርዝር ያቆየልናል። አዳር በሚባለው ወር መባቻ ላይ ዐዋጅ ይነገራል። በ15ኛው ቀን የገንዘብ ለዋጮች ገበታ በየአውራጃው ይዘረጋል፤ በ25ኛው ቀን በቤተ መቅደሱ። ሴቶች፣ ባሮችና ልጆች አይገደዱም። ካህናትስ ይከፍላሉ ወይ በሚለው ላይ ራሳቸው መምህራኑ ተከራክረውበታል፤ ይህንን ክርክር ጥግ ላይ ያዙልኝ። ገንዘቡ የሚመጣው ከይሁዳና ከገሊላ ብቻም አልነበረም። የአንደኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ እንደሚነግረን የባቢሎን አይሁድ ዲድራክማቸውን በኔሃርዳና በኒሲቢስ ከተሞች አከማችተው፣ ዘራፊ ስለሚፈሩ በብዙ ሺህ ሰው ታጅበው ወደ ኢየሩሳሌም ይልኩት ነበር። በትንሿ እስያ ደግሞ ፍላኩስ የሚባል ሮማዊ ገዥ ይህንኑ ወርቅ ወረሰና በ59 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ሮም ላይ ተከሰሰ። ጠበቃው ዝነኛው የሮማ ተናጋሪ ሲሰሮ ነበር። በንግግሩ ውስጥ ከአፓሚያ ከተማ ብቻ የተያዘው ወርቅ 100 ሊትራ (የሮማ የክብደት መለኪያ) ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው ይጠቅሳል።

ወደ ሳንቲሙ እንመለስ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ፤ በጣም ተልቋል፣ በእጅ ሲያዝ ስፋቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ክብደቱ 14 ግራም ገደማ፣ ብሩም ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ንጹሕ ነው። ይህ የጢሮስ ሰቅል ነው። በገሊላና በይሁዳ ገበያ ውስጥ የአራት ድራክማ ዋጋ ያለው ጥሩ ብር ከተባለ ዋነኛው እሱ ነበር፤ ስለዚህ የማቴዎስ እስታቴር ይህ ነው ማለት ይቻላል። ጢሮሶች ከ126 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ በየዓመቱ፣ የዓመቱን ቁጥር እየቀረጹ ያወጡት ነበር። በፊት ለፊቱ የወጣት ራስ ይታያል። በጭንቅላቱ ዙሪያ የሎረል ቅጠል አክሊል፣ አንገቱ ላይ የታሰረው ደግሞ የአንበሳ ቆዳ ነው። ይህ የጢሮስ አምላክ መልካርት ነው፤ ግሪኮች ሄራክሊስ ይሉታል። ብዙዎች ኤልዛቤል ወደ እስራኤል ያመጣችው በኣል እርሱ ነው ይላሉ። በጀርባው በመርከብ አፍንጫ ላይ የቆመ ንስር፣ በትከሻው በኩል የዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከፊቱ የሄራክሊስ ዱላ። ዙሪያውን በግሪክ ፊደል የተጻፈው «የጢሮስ፣ የተቀደሰችና የማትደፈር» ይላል።

እንግዲህ አስቡት። ምስል አትቅረጹ የተባለ ሕዝብ፣ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተዋጋው የሚባለውን የጣዖት ፊት የያዘ ብር፣ ጀርባው ላይ ሌላ ከተማ «የተቀደሰች» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዲያስገባ ይጠየቃል። መምህራኑም አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ሚሽና በሕጉ የታዘዙ የቤተ መቅደስ ክፍያዎችን በጢሮስ ገንዘብ ይቆጥራል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አያቶቻችን ማርትሬዛን፣ ጠገራ ብሩን፣ ያውቁታል። የባዕድ አገር ንግሥት፣ ደረቷ የተገለጠ፣ ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዛ የምትመጣ። ነጋዴው ስለ እርሷ ማንነት አልተጨነቀም፤ የጌጧን ዕንቍ ቆጥሮ፣ ድምፁን በድንጋይ ላይ አንኳኩቶ ተቀበላት። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ምስል ያለበት ብር በ1880ዎቹ ሲያወጡ እንኳ ገበሬው ማርትሬዛውን አልለቅም ብሎ አስቸግሯል። ብሩ ንጹሕ ከሆነ ፊቱ የማንም ይሁን። የኢየሩሳሌም ካህናትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የእግዚአብሔር ቤት ሚዛኑ የጎደለ ብር አይቀበልም፤ ሚዛኑ የሞላ ብር ያለው ደግሞ ጢሮስ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማቴዎስ 22 ላይ፣ ስለ ቄሣር ግብር ሲጠይቁት፣ ጌታ ዲናር አስመጥቶ «ይህች መልክ ጽሕፈቲቱስ የማን ናት?» ብሏል። እዚህ ላይ ግን በእስታቴሩ ላይ ስላለው መልክ አንድ ቃል አልተናገረም። ሊናገር የሚችለው ብዙ ነገር ነበር። እኔ ብሆን አላልፈውም ነበር።

በ1960 እ.ኤ.አ. በዚያው በቀርሜሎስ ተራራ፣ ኢስፊያ በምትባል መንደር አጠገብ፣ አንድ ትልቅ የተቀበረ ገንዘብ ተገኘ። ከ4 ሺህ በላይ ብር፤ አብዛኛው የጢሮስ ሰቅል፣ ከዚያ ግማሽ ሰቅል፣ ጥቂት የሮማ ዲናሮችም ነበሩበት። ወደ ኢየሩሳሌም ሲላክ መንገድ ላይ የቀረ የግማሽ ሰቅል ግብር ነው ያሉ ምሁራን ነበሩ፤ ሁሉም ግን አልተስማሙበትም። ለእኛ የሚጠቅመው ሬሾው ነው። በጆንያው ውስጥ ሰቅሉ ከግማሽ ሰቅሉ በእጅጉ ይበዛል። ማለትም በሰው እጅ በብዛት የሚገኘው ለሁለት ሰው የሚበቃው ሳንቲም ነበር፤ ለአንድ ሰው የሚሆነው ያነሰ ነው። ሁለት ሰዎች ተጣምረው አንድ እስታቴር ቢሰጡ የሚያስገርም አልነበረም።

ገንዘብ ሲመነዘር ደግሞ ቆልቦን የሚባል ጭማሪ አለ፤ የለዋጩ ድርሻ። ማቴዎስ 21 ላይ ጌታ ገበታቸውን የገለበጠባቸው ለዋጮች በግሪኩ የሚጠሩት ከዚሁ ቃል በወጣ ስም ነው። ሚሽና ስለ ቆልቦን አንድ የሚያምር ዝርዝር ያስቀምጣል። ሰው ለድኻ፣ ለጎረቤቱ ወይም ለአገሩ ልጅ ብሎ ግማሽ ሰቅሉን ቢከፍልለት ቆልቦን አይጠየቅም። አበድሮት ከሆነ ግን ይጠየቃል። ስጦታና ብድር በገበታው ላይ ይለያሉ ማለት ነው። «ስለ እኔና ስለ አንተ ስጣቸው» የሚለውን ከዚህ ጋር አድርጋችሁ አንብቡት። ጌታ ለጴጥሮስ አላበደረውም።

በዚህ አጋጣሚ የግሪኩን ብሉይ ኪዳን የሚያነቡ ሰዎች የሚደናገሩበትን ልጥቀስ። ሰባ ሊቃናት ዘፀአት 30ን ሲተረጉሙ «ሰቅል» ባለበት «ዲድራክማ» ብለዋል፤ ስለዚህ በእነሱ ግብሩ «የዲድራክማ ግማሽ» ነው። በማቴዎስ ግን ሙሉ ዲድራክማ ነው። ሰባ ሊቃናት የተረጎሙት በግብፅ፣ በእስክንድርያ፣ ከክርስቶስ ልደት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ማቴዎስ የሚቆጥረው በራሱ ዘመንና አገር ሒሳብ ነው። ጆሴፈስም ሰቅል አራት የአቴና ድራክማ ነው ይላል፤ ይህ ከማቴዎስ ጋር ልክ ይገጥማል። ያንኑ ስም ስላያችሁ ያው ክብደት ነው አትበሉ፤ ከዚህ በላይ አላቆያችሁም።

አሁን ንግግሩን እንይ። «ስምዖን ሆይ፥ ምን ይመስልሃል?» ይለዋል። የምድር ነገሥታት ቀረጥና ግብር የሚቀበሉት ከልጆቻቸው ነው ወይስ ከሌሎች? ጴጥሮስ ከሌሎች ይላል። «እንኪያስ ልጆቻቸው ነጻ ናቸው» አለው። ንጉሥ ከልጁ ግብር ከተቀበለ ከአንዱ ኪሱ አውጥቶ በሌላው መክተቱ ነው። ቤተ መቅደሱ የአባቱ ቤት ነው። ልጁ የአባቱን ቤት ለመጠገን ቤዛ አይከፍልም። ጥግ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁን የካህናቱን ክርክር እዚህ አምጡት። ካህናቱ ከግብሩ ነጻ ነን ሲሉ፣ ከሁሉ ይልቅ ነጻ ሊሆን የሚገባው ደግሞ በገሊላ አንድ ቤት ውስጥ ቆሞ ከዓሣ አጥማጅ ጋር ስለ ዕዳው ይነጋገራል።

ነጻ ነኝ ካለ በኋላ «ነገር ግን እንዳናሰናክላቸው» አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ ቶሎ ብሎ «ለመንግሥት ግብር ክፈሉ» ወደሚል ትምህርት ይሻገራል። ለመንግሥት ግብር መክፈል ተገቢ ነው፤ ጳውሎስ ሮሜ 13 ላይ ይናገረዋል። ይህ ክፍል ግን ያንን እያስተማረ አይደለም። እዚህ ያለው ሰው የሚከፍለው ዕዳ ስላለበት አይደለም፤ ሌሎቹ እንዳይሰናከሉ ብሎ ነው። ክርክሩን አሸንፎ ክፍያውን ፈጸመ።

ከከረጢቱ መክፈል ይችል ነበር። ዮሐንስ እንደሚነግረን ደቀ መዛሙርቱ ይሁዳ የሚይዘው ከረጢት ነበራቸው። ከዚያ አላስወጣም። ለምን ይመስላችኋል? ብዙዎች ድኻ ስለነበሩ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልረካም። ለልጁ የሚገባውን የከፈለው አባቱ ነው፤ ገንዘቡ የመጣው አባቱ ከፈጠረው ባሕር ነው። ልጁ ነጻ መሆኑ አልቀረም፣ ሰብሳቢዎቹም ገንዘባቸውን አገኙ። የመጣውም አንድ እስታቴር ነው። ዲድራክማ ቢሆን ለጌታ ብቻ ይበቃ ነበር፣ ጴጥሮስ የራሱን ይፈልግ ነበር። ሁለት ዲድራክማ ቢሆን አንዱ የጌታ፣ አንዱ የጴጥሮስ ተብሎ በተለየ ነበር። አንድ ሳንቲም ግን አይቆረጥም። ልጅ የሆነውና ልጅ ያልሆነው በአንድ ብር ተቆጠሩ፤ ልጅ ያልሆነው ከልጁ ጋር በአንድ ክፍያ ነጻ ወጣ። የእስታቴርን ዋጋ ሳናውቅ ስናልፍ የሚጠፋብን ይህ ነው።

ዓሣው የትኛው ነው ለምትሉኝ፣ እንደማትተዉኝ አውቃለሁና በአጭሩ፦ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች «የጴጥሮስ ዓሣ» ብለው የሚሸጡት የእኛ ቆሮሶ ዘመድ ነው። ያ ዓሣ ግን ምግቡ በአብዛኛው በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር ስለሆነ የሚያዘው በመረብ ነው፤ መንጠቆ የሚውጠው እንደ ባርቤል ያለው ሌላ ዓሣ ነው። በአዲስ ኪዳን ዓሣ በመንጠቆ የሚጠመደው በዚህ ክፍል ብቻ ነው። ደግሞም ማቴዎስ ጴጥሮስ ሄዶ አጠመደ፣ ሳንቲሙን አገኘ አይልም። ትእዛዙን ጽፎ ዝም ይላል። ለተአምሩ ያን ያህል ቦታ አልሰጠውም።

ማቴዎስ ወንጌሉን የጻፈው ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ያ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ይህን ክፍል ያነበቡት በሌላ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ነው። በ66 ዓ.ም. በሮማ ላይ ዐመፅ ሲነሣ አይሁድ የራሳቸውን ሰቅል ማሠራት ጀመሩ፤ ፊት የለበትም፣ ጽዋና ሦስት የሮማን እንቡጥ ብቻ፤ ጽሑፉም «ኢየሩሳሌም ቅድስት» ይላል። ለጢሮስ የተሰጠ መልስ ይመስላል። በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ተቃጠለች። ቄሣር ቬስፓስያን ግብሩን አላስቀረውም። ጆሴፈስ እንደጻፈው፣ አይሁዳዊ ሁሉ የትም ይኑር የት በየዓመቱ ሁለት ድራክማ ወደ ካፒቶል እንዲያገባ አዘዘ። ማለትም ለእግዚአብሔር ቤት ይከፈል የነበረው ለሮማው ጁፒተር ቤት ሆነ። አዲሱ ግብር ሴቱንም ሕፃኑንም ያዘ። በላይኛው ግብፅ፣ ኤድፉ ላይ በሸክላ ስብርባሪ የተጻፉ የዚህ ግብር ደረሰኞች ተገኝተዋል፤ የከፋዩ ስም፣ ዓመቱ፣ መጠኑ። በቄሣር ዶሚትያን ዘመን ደግሞ አሰባሰቡ እጅግ ጨከነ። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶንዮስ በወጣትነቱ፣ ሰው በሞላበት አደባባይ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ተገርዞ እንደሆነ ሲመረመር ማየቱን ጽፏል። ኔርቫ በ96 ዓ.ም. ሲነግሥ በሳንቲሙ ላይ በዚህ ግብር ስም ይደረግ የነበረው የሐሰት ክስ መነሣቱን አስቀረጸ፤ መካከሉ ላይ የዘንባባ ዛፍ አለ። እንግዲህ «ልጆቻቸው ነጻ ናቸው» የሚለውን እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሰማ ሰው፣ ክርስቲያንም አይሁዳዊም ቢሆን፣ እንዴት አድርጎ ይሰማው እንደነበር ገምቱ። አሁንም መክፈል ነበረበት።

የመጨረሻው ነገሬ ከዚሁ ወንጌል ነው። ማቴዎስ 26፣ ቁጥር 15፤ ይሁዳ ወደ ካህናት አለቆች ሄደ፣ እነርሱም «ሠላሳ ብር መዘኑለት» ይላል። «ሠላሳ ብር» ስንሰማ እኛ ዛሬ አንድ ማኪያቶ በቅጡ የማይገዛ ወረቀት በዐይናችን ይመጣል። በግሪኩ ግን ብር ማለት ብሩ ራሱ ነው። «መዘኑለት» የሚለው ግሥ ደግሞ እስታቴር የወጣበት ያው ግሥ ነው። ኮዴክስ ቤዛ የሚባለው፣ ዛሬ ካምብሪጅ ያለው ጥንታዊ ብራና ላይ፣ በዚህ ቁጥር «ሠላሳ እስታቴር» ተጽፎ ይገኛል። የገለበጠው ሰው ሳንቲሙ የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ ሠላሳ እስታቴር የ120 ቀን የጉልበት ዋጋ ነው፣ የ60 ሰው የቤተ መቅደስ ግብር። ይሁዳ ተጸጽቶ ብሩን በቤተ መቅደስ ሲጥለው ካህናቱ የደም ዋጋ ነውና ወደ መባ ልንጨምረው አልተፈቀደም አሉ። መልካርት የተቀረጸበትን ብር ለዘመናት ሲቀበል የኖረው ግምጃ ቤት ይህን አልቀበልም አለ። ተማክረውም የሸክላ ሠሪ መሬት ገዙበት፣ ለእንግዶች መቃብር።

እዚህ ላቁም። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ዓሣው ካልሆነ በደስታ እመልሳለሁ።